በጡረታ ለተሰናበቱት የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊያችን ምስጋና፣ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ወላጆችም ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከአያት አልፎ ወደ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ በሚያወጣው አቅጣጫ፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆቼን የማስተምር ወላጅና የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ጸሐፊ በመሆኔ ነው። ምስጋናው የሚገባቸው መጀመሪያ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ በኋላም የጉድኝት ማዕከላችን (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተሰባስበው የሚደጋገፉበት ማዕከል) ሱፐርቫይዘር ሆነው ያገለገሉንና በዚህ ዓመት 60 ዓመት ሞልቷቸው በጡረታ የተሰናበቱ መምህርት ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈቀዱ አልጽፈውም፤ የአካባቢው ወላጅ ግን ማን እንደሆኑ አያጣቸውም። በሽኝታቸው ዕለት ብዙ መልካም ነገር ተነግሮላቸዋል፤ ይሁን እንጂ የተነገረው ለማንኛውም ተሰናባች ሊነገር የሚችል ነበር። ምን እንደሠሩና እንዴት እንደሠሩት ካልተጻፈ ደግሞ ሌላው ወረዳ ምን ዓይነት ሰው መፈለግና መጠየቅ እንዳለበት አያውቅም።

እኚህ ሴት የሐሰት ሪፖርት አይቀበሉም ነበር። ሥራቸውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን ብባል የምለው ይህንኑ ነው። ነገሩን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሰው የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚመስል ያላየ ነው። በሌሎች አገሮች ትልልቅ ከተሞች የከተማውን ትምህርት ቤቶች በሙሉ የሚመራ አንድ የበላይ ኃላፊ ይሾማል፤ እኛ ዘንድ ሥልጣኑ በትምህርት ቢሮ፣ በክፍለ ከተማና በወረዳ ተከፋፍሎ ይወርዳል። ከላይ ዕቅድ ይመጣል፣ ከታች ሪፖርት ይወጣል፣ ሁለቱ የሚገናኙት በወረዳው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ወረዳው ትንሽ ይጨምርበታል፣ ክፍለ ከተማው ያጠቃልለዋል፤ መጨረሻ ላይ በአፈጻጸም ግምገማው 98 በመቶ የተባለው ሥራ መሬት ላይ ሲፈለግ ይጠፋል። ማንም ሰው ብቻውን ዋሸ ማለት አይቻልም፤ ሁሉም ግን ትንሽ ትንሽ አዋጥቷል። እርሳቸው መዋጮውን እምቢ አሉ።

የአገልግሎት ዘመናቸውን ባጭሩ ለማስፈር ያህል፣ በሰሜን ሸዋ ገጠር ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሁሉንም ትምህርት ብቻቸውን በማስተማር ጀምረው፣ ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው በኮተቤ ትምህርታቸውን አሻሽለው፣ ከዩኒት መሪነት እስከ ርዕሰ መምህርነት ያለውን ደረጃ አንድም ሳይዘሉ ወጥተዋል። የትምህርት አመራር ሁለተኛ ዲግሪ አላቸው። ይሁንና ስለ እርሱ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለ መጀመሪያዎቹ የገጠር ዓመታት ግን፣ በተለይ በመኸር ወቅት ክፍሉ ለምን ባዶ እንደሚሆንና ያን ጊዜ ከአባቶች ጋር እንዴት ይደራደሩ እንደነበር፣ በስብሰባ መካከል ሳይቀር ያነሡታል።

ወደ ወረዳችን የመጡት የጋራ መኖሪያ ቤቶቹ በሚሞሉበት ጊዜ ነበር። በመሐል ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ተማሪው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ በዳር ግን ብሎክ ሙሉ ሰው በአንድ ክረምት ይገባል። ውኃው በፈረቃ ነው፣ መንገዱ ገና ነው፣ ታክሲው ከዋናው መንገድ አይገባም፤ ልጆቹ ግን መስከረም ላይ ትምህርት ቤት መግባት አለባቸው። የትምህርት ሚኒስቴር መለኪያ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ በእኛ በኩል በአንድ ዴስክ አራት ልጅ የሚቀመጥበት ጊዜ ነበር። በዚያ ላይ ብዙው ወላጅ መሸኛ አልነበረውም። ከፊሉ ከክልል የመጣ ነው፣ ከፊሉ ተከራይ ሆኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰፈር የቀየረ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚያው መሬት ላይ ያርስ የነበረና የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ቤተሰብ ነው። በእኛ አካባቢ ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር “መሸኛ አምጡና ተመለሱ” የሚል ሲሆን፣ መሸኛውን ለማምጣት የሚሄድ ወላጅ የትራንስፖርት ገንዘብ እስኪያገኝ ልጁ ግማሽ ዓመት ቤት ይውል ነበር።

እትዬ ያደረጉት ነገር ደንብ የጣሰ አልነበረም። ልጁ በመመደቢያ ፈተና ደረጃው ታይቶ በጊዜያዊነት ክፍል እንዲገባ፣ የመሸኛውን ጉዳይ ደግሞ ወላጁ ሳይሆን ጽሕፈት ቤቱ ለቀድሞው ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጽፎ እንዲከታተል አደረጉ። በምዝገባ ሳምንት ከቢሮአቸው ወጥተው በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ወንበር አስወጥተው ይቀመጡ ነበር። አንዲት እናት ከወለጋ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጥታ ወረቀት እንደሌላት በመሸማቀቅ ስትነግራቸው፣ “እናቴ፣ ወረቀቱን እኛ እንፈልገዋለን፤ አንቺ የልጆቹን ስምና የተማሩበትን ከተማ ብቻ ንገሪኝ” ሲሏት አጠገባቸው ነበርኩ። እናትየዋ “እትዬ፣ ነገ ልመለስ?” ብላ ደግማ ጠየቀቻቸው፤ የተለመደውን መልስ እየጠበቀች ነበር። ልጆቹ በዚያው ቀን ተመዘገቡ።

ስለ ሪፖርቱ ወዳነሣሁት ልመለስ። ሱፐርቫይዘር ወይም የወረዳ ኃላፊ ለጉብኝት ሲመጣ በአብዛኛው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይገባል፣ ሰነድ ይቀርብለታል፣ ቡና ይፈላል። እርሳቸው በቀጥታ ክፍል ይገቡና የስም መጥሪያውን ከመምህሩ ተቀብለው ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በ7ኛ ክፍል እንዲህ ሲያደርጉ የወላጅ ኅብረቱን ወክዬ አብሬያቸው ነበርኩ። በስም መጥሪያው ላይ የሁሉም ተማሪ መገኘት ተሞልቷል፤ ዴስኮቹ ግን ከፊላቸው ባዶ ናቸው። ምንም አልተናገሩም። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃውን እስኪጨርስ መምህሩ ያስተማረውን በደብተራቸው ሲጽፉ ቆዩ፤ ከዚያ መምህሩን ለብቻው ወስደው የቀሩት ልጆች እነማን እንደሆኑ በስማቸው ጠየቁት። መምህሩ አንዱንም ሳይሳሳት ዘረዘራቸው፤ ከፊሎቹ ዓርብ ገበያ ውለው እናቶቻቸውን የሚረዱ እንደሆኑም ያውቅ ነበር። ታዲያ መቅረታቸውን ለምን እንዳልመዘገበ ሲጠየቅ፣ መቅረት ከበዛ እርሱ በግምገማ እንደሚጠየቅበት ተናገረ። ከዚያ ቀን በኋላ በወረዳው ሥር ባሉ ትምህርት ቤቶች መቅረትን በትክክል የመዘገበ መምህር በመቅረቱ ብዛት እንዳይወቀስ፣ የሚጠየቀው ያልመዘገበው እንዲሆን በጽሑፍ አሳወቁ። የወሩ የመገኘት ቁጥር በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። ክፍለ ከተማው ማብራሪያ ጠየቀ፣ እርሳቸውም ማብራሪያውን ጻፉ፤ እኛም እንደ ወላጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የትኞቹ ቤቶች ሄደን ማነጋገር እንዳለብን አወቅን። ከገበያው ልጆች የተመለሱት ብዙዎቹ ናቸው፤ ሁሉም አይደሉም።

በንባብ ጉዳይም ያው ናቸው። በታችኛው ክፍል ያሉ ልጆች የመጽሐፉን ምንባብ በቃላቸው ይይዙታል፤ መምህሩ “አንብብ” ሲል ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ እንደ ዳዊት ይደግሙታል፣ ተመልካችም ያነበቡ ይመስለዋል። እትዬ ሥዕሉን በእጃቸው ሸፍነው ከገጹ መሐል አንድ መስመር ይጠቁማሉ፤ ልጁ ከላይ ካልጀመረ መሄድ ካቃተው ነገሩ ይገለጣል። እንዲህ ያለውን ልጅ አያሳፍሩትም፤ “ጎበዝ፣ የኔ ልጅ” ብለው ይልኩትና ስሙን ይይዛሉ። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በወረዳው ባሉ ትምህርት ቤቶች ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለው ተማሪ በሙሉ በዚህ መንገድ እንዲታይ አደረጉ። የሚያነበው፣ ፊደል የሚለየው፣ ፊደልም ያለየው ለየብቻ ተለየ። ፊደል ያለየው ልጅ የ4ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ተቀምጦ መስማቱ ለማንም እንደማይጠቅም ተናግረው፣ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ በክፍል ሳይሆን በንባብ ደረጃ እየተሰበሰቡ እንዲማሩ ፈቀዱ። ይህን ለማድረግ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ መፍረስ ነበረበት፣ መምህራንም አጉረምርመዋል። የእኔ ትንሿ ልጅ ፊደል ካለዩት ውስጥ ነበረች፤ በቤት የነበረን ግምት ግን በደንብ ታነባለች የሚል ነበር።

አሁን ደግሞ ብዙ ቅሬታ ያስነሣባቸውን ጉዳይ ላንሣ። ትምህርት ቤቶች በኢንስፔክሽን ከ1 እስከ 4 ደረጃ እንደሚሰጣቸው የታወቀ ነው፤ መመዘኛዎቹ 26 ሲሆኑ፣ ለግብዓት 25 በመቶ፣ ለሂደት 35 በመቶ፣ ለውጤት 40 በመቶ ይያዛል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ እስከ 70 በመቶ ያልደረሰ ደረጃ 2፣ ከዚያ እስከ 90 በመቶ ያልደረሰ ደረጃ 3 ነው። ከኢንስፔክሽኑ በፊት ትምህርት ቤቱ ራሱን ይገመግማል፤ በዚህ ግለ ግምገማ ላይ ራሱን ደረጃ 2 ብሎ የሚጽፍ ትምህርት ቤት እምብዛም አይገኝም። የእኛ ትምህርት ቤት ራሱን 3 ብሎ ያቀረበውን ሰነድ እትዬ መልሰው ላኩት። ቤተ ሙከራ ተብሎ የተሞላው ክፍል የተሰበሩ ዴስኮች መጋዘን እንደሆነ፣ ቤተ መጻሕፍቱም የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ እንደሆነ በኅዳጉ ላይ በእጃቸው ጽፈውበት ነበር። ርዕሰ መምህሩ ተቆጣ፤ እኔም ራሴ በስብሰባ ላይ፣ ሌላው ትምህርት ቤት ሁሉ ከፍ አድርጎ በሚያቀርብበት ጊዜ የእኛን ዝቅ ማድረግ ልጆቻችንን መጉዳት እንዳይሆን ተከራክሬአቸዋለሁ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ደረጃ 3 ላለው ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ዕቃ በጀት የሚጠይቅ ሰው የለም። በዚያ ዓመት ደረጃ 2 ሆነን ተመዘንን፤ መጋዘኑ ጸድቶ ቤተ ሙከራ የሆነው በተከታዩ ዓመት፣ ከትምህርት ቤቱ ድጎማና ከወላጅ በተዋጣ ገንዘብ ነው። ክርክሬ ተገቢ ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ የእርሳቸው መልስ ግን የበለጠ ተገቢ ነበር።

አቋማቸው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለብዙ ሰው የታየው የ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ነው። ፈተናው ኩረጃን ለመከላከል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠበት ዓመት ነበር፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ነበር። አገር ደነገጠ። እርሳቸው ግን ርዕሳነ መምህራኑን ሰብስበው ስለ 12ኛ ክፍል ያነሡት ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የወሰደው የ3ኛ ክፍል የንባብ ዝርዝር ነበር። 12ኛ ክፍል ላይ የወደቀው ልጅ 3ኛ ክፍል ላይ “አንብቧል” ተብሎ የተሞላለት ልጅ መሆኑን ነው ያስረዱት። በተከታታይ ምዘና ስም ለሁሉም ተማሪ ከፍተኛ ነጥብ የሚሰጥበት ልማድም በዚያው ስብሰባ ተነሣ፤ የክፍል ውጤትና የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ውጤት ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲታዩ አደረጉ። በክፍል 85 የነበረ ተማሪ በከተማው ፈተና 40 ሲያመጣ ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብ ለማንም ግልጽ ነበር።

ስለ ምገባውም አንድ ነገር መጥቀስ ይገባኛል። የከተማ አስተዳደሩ የተማሪዎች ምገባ ከተጀመረ በኋላ ቁርስና ምሳ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚበሉ ልጆች ከክፍል መቅረታቸው በግልጽ ቀንሷል። ነገር ግን በእኛ ዘንድ የቁርሱ ሰልፍ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ይበላ ነበር። ሁሉም ሰው ያየዋል፣ ማንም አይናገርም፤ ስለ ምገባ ክፉ የተናገረ እንዳይመስል ይፈራል። እትዬ ማለዳ መጥተው ከመጋቢ እናቶች ጋር ኩሽና ውስጥ ቆመው ተመለከቱ። ችግሩ የምግቡ መዘግየት አልነበረም፤ የእጅ መታጠቢያው ሁለት ቧንቧ ብቻ ስለነበረው ልጁ ሁሉ እዚያ ይቆማል። ከሮቶው የሚቀጥል አንድ ረጅም ቱቦ ብዙ ቀዳዳ ተበጅቶለት በግድግዳው ላይ ተዘረጋ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም ተመለሰ። ይህን ለማድረግ ኮሚቴ አላቋቋሙም።

እንከን የሌለባቸው ሰው እንደሆኑ አድርጌ ማቅረብ እርሳቸውንም አያስደስታቸውም። ሥራን ለሌላ ማስረከብ አይሆንላቸውም ነበር፤ ታመው በቀሩ ጊዜ ደብዳቤዎች ሳይፈረሙ ይከማቹ ነበር። ለስፖርትና ለሚኒ ሚዲያ የሚሰጡት ቦታ ጠባብ ነበር፤ የመዝሙርና የድራማ ክበቦች በእርሳቸው ዘመን ተዳክመዋል ብል አልዋሸሁም። በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ተዘግተው የነበሩት ትምህርት ቤቶች በ2013 ሲከፈቱ፣ ልጆች በፈረቃ በሚገቡበት በዚያ አስቸጋሪ ወቅት፣ ከደከሙ መምህራን ላይ ከልክ በላይ የጠየቁበት ጊዜም ነበር። ቃላቸው አንዳንዴ ይከብዳል። ነገር ግን መምህሩ ስለ እርሳቸው ሲያማርር “አላየችልኝም” ብሎ ሲያማርር አልሰማሁም፤ የሚያማርረው ስላዩበት ነው።

ከኃላፊነታቸው የተነሡት በሹመት ለውጥ ነው፤ እንዴትና ለምን የሚለውን እዚህ አላነሣም። ብዙ ሰው ከወንበር ሲነሣ ወደ ሌላ ወንበር ይፈልጋል፤ እርሳቸው ወደ ጉድኝት ሱፐርቫይዘርነት መመለስ ጠየቁ። እኔ እንደማምነው በሕይወታቸው ውስጥ ምርጡን ሥራ የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። ኢንስፔክሽን ይመዝናል፣ ሱፐርቪዥን ግን ይደግፋል፤ በወረቀት ላይ ሁላችንም የምናውቀው ይህ ልዩነት በተግባር ሲታይ ምን እንደሚመስል ያየነው በእነዚያ ዓመታት ነው። መምህራን በዓመት 60 ሰዓት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መውሰድ ይጠበቅባቸዋል፤ በአብዛኛው ቦታ ይህ ሰዓት የሚሞላው ከሌላ ሰው ፖርትፎሊዮ በመገልበጥ ነው። እርሳቸው ሰዓቱን ወደ ክፍል አመጡት። አንድ የሒሳብ መምህር ክፍልፋይ ሲያስተምር ሌሎቹ ኋላ ተቀምጠው ያያሉ፣ ከዚያ ልጆቹ ከተሸኙ በኋላ ያው ትምህርት በሌላ መንገድ እንዴት ሊሰጥ እንደሚችል ይወያያሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላው መምህር ይሞክረዋል። የመጀመሪያዋ ሆነው ክፍል ገብተው ያስተማሩትና ለትችት የቀረቡት ራሳቸው ናቸው። አንዲት ጀማሪ መምህርት፣ “መምህርት፣ ጥያቄውን ጠይቀው መልሱን ራስዎ ሰጡት” ስትላቸው ሳቁና በደብተራቸው ጻፉት። ያች መምህርት ዛሬ የክፍሉ ዩኒት መሪ ናት።

ጥቆማዬ በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬም ይሁን በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱም ይሁን በእኛው በኩል፣ በፍጥነት በሚሞሉ ሰፈሮች ትምህርት ቤት ለሚመሩና በወላጅ ኅብረት ለሚያገለግሉ ሰዎች ነው። እትዬ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤት መቀመጥ አልፈለጉም፤ የጠራቸው ትምህርት ቤት ካለ ሄደው ከመምህራንና ከወላጆች ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ ናቸው። የመንግሥትም ሆነ የግል ትምህርት ቤት ቢሆን ልዩነት የለውም። ግለ ግምገማ የምታዘጋጁ፣ አዲስ ርዕሰ መምህር የተመደበላችሁ፣ በታችኛው ክፍል የንባብ ችግር እንዳለ የጠረጠራችሁ ከሆነ እርሳቸውን ማግኘት ይጠቅማችኋል ብዬ በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። ስለ ሕንፃ ግንባታ፣ ስለ ግዢና ስለ ፋይናንስ ግን ሌላ ባለሙያ ፈልጉ፤ እርሳቸውም ይህንኑ ይነግሯችኋል።

እርሳቸውን ለማግኘት የሚፈልግ በሚያውቀው የወረዳችን መምህር ወይም የወላጅ ኅብረት አባል በኩል መልእክት ቢልክ ይደርሳቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ይመርጣሉ። ውሎ አበል አይቀበሉም፣ ትራንስፖርታቸውን ግን ብትሸፍኑ ተገቢ ነው። ስብሰባው መምህራን በሌሉበት ከሆነ አይመጡም። ዕለቱን በንግግርና በባነር ለማስጌጥ አትድከሙ፤ የዚህን ሴሚስተር የስም መጥሪያና የውጤት ሮስተር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡላቸው፣ ከ2ኛና ከ3ኛ ክፍልም ጥቂት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው እንዲጠብቁ አድርጉ።